የደም ምርመራ ወረቀት ስለ ብግነት የሚነግረን

በኮቪድ-19 የታመሙ ሰዎች በደም ምርመራ ወረቀታቸው ላይ «ሲ.አር.ፒ.» ከፍ ብሎ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ሲ.አር.ፒ. ሰውነት ሲቆጣ ጉበት በብዛት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ነው። መጨመሩ ብግነት መኖሩን ያመለክታል እንጂ መንስኤው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ወይም ሌላ ጉዳት ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ተገቢ አይደለም፤ መድኃኒቱ ቫይረስን አይገድልምና። «ኢ.ኤስ.አር.» የተባለውማ በደም ማነስ ወይም በእርግዝና ምክንያት ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ሐኪሙ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ በተከታታይ ቀናት መጨመሩን ወይም መቀነሱን ይመለከታል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ፣ የሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረ ወይም አእምሮው ግራ ከተጋባ፣ ሌላ ውጤት ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም አምጡት፤ የቀድሞዎቹንም ወረቀቶች ይዛችሁ ኑ።