ከመጠምጠም መማር ይቅደም
(የኅብረተሰብ ጥናት መምህር ለመሆን ስለሚያስፈልገው ዝግጅት በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን አስፈጽሞ ለዚህ ጉባኤ ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማርልን።

ዛሬ እንድንናገር የተፈቀደልን ስለ መምህርነት ነው። «የእድር ጉባኤ ስለ ድንኳንና ስለ መዋጮ እንጂ ስለ መምህርነት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ደጃችን ድረስ መጥቷል። ሶሲዮሎጂ የሚያጠኑ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዘው እየመጡ መዝገባችንን ለማየት፣ ሽማግሌዎቻችንን ለመጠየቅ ይለምናሉ። ከአባላት ግማሹ «ይግቡ» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «የኀዘናችን ምስጢር ለምን ይወጣል?» ይላል። እንግዲህ ከመፍቀዳችን ወይም ከመከልከላችን በፊት እነዚህ ልጆች ለምን እንደሚደክሙ ማወቅ ይገባናል።

ሶሲዮሎጂ ማለት ባጭሩ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚመረምር ትምህርት ነው። ቤተሰብ፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ ድህነት፣ ስደት፣ እድርና እቁብ ሁሉ በውስጡ ናቸው። ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ካቋቋሙት አንዱ ኤሚል ዱርካይም የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. በቦርዶ ከተማ ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም የኅብረተሰብን ሳይንስና የማስተማርን ዘዴ ማስተማር። ስለዚህ ሁለቱ ሙያዎች ከጥንት ጀምሮ አብረው የሄዱ ናቸው። ይኸው ሰው በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለቅሶ የግል ስሜት ብቻ ሳይሆን ማኅበር በአባላቱ ላይ የሚጥለው ግዴታ መሆኑን አስረድቷል። ከቀብር የቀረውን አባል ስም ጠርተን መቅጫ የምናስከፍል ሰዎች ይህ ይጠፋናል እንዴ? ሳናነበው ስንሠራበት ኖረናል እኮ!

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። ዲግሪ ለብቻው መምህር አያደርግም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች።

አንደኛው ዕውቀቱ ነው። በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተቀምጦ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ሁለተኛው የማስተማር ሙያ ነው። የልጆችን ጠባይ ማወቅ፣ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ ፈተና ማዘጋጀት፣ ነባር መምህር ባለበት ክፍል ቆሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪ ይዘው ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚዘጋጁ ሰዎች የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ እንዲጨምሩ የሚያደርግ ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። አሠራሩ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ያው ነው፤ ማወቅና ማሳወቅ ይለያያሉ። ሦስተኛው የሙያ ፈቃድ ነው። መምህሩ በጽሑፍ ይፈተናል፣ የሠራውም ሥራ በማኅደረ ተግባር ተሰብስቦ ይመዘናል።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ በሉልን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሶሲዮሎጂ ራሱን ችሎ አይሰጥም። ፍሬ ነገሩ በዜግነት ትምህርትና በመሳሰሉት ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። በስሙ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ለማስተማር የሚሻ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ማሰብ አለበት። ስለሆነም ልጃችሁ ገና ትምህርቱን ሲመርጥ «በዚህ ዲግሪ የትኛውን ትምህርት ለማስተማር ፈቃድ አገኛለሁ?» ብሎ የትምህርት ቢሮን ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጸምን ሰዎች ይህን እናውቃለን። በቃል የተነገረ ነገር ሹሙ ሲቀየር ይቀየራል፤ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ግን ይመሰክራል።

አራተኛው ዝግጅት ከሰው ጋር መቀመጥ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ አብዛኞቹን በመምህርነት ያሠራ ነበር። ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት ያኔ ነው። ለዛሬዎቹ ልጆች ግን ገጠሩ ቢርቅ እድሩ ቅርብ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረ አባል ሁለት ታክሲ ይዞ እየመጣ በዱሮ ሰፈሩ መዋጮ የሚከፍለው ለምንድን ነው? የተጣሉ ጎረቤቶች በአንድ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የሚያዞሩት ምን አስገድዷቸው ነው? ይህን መጽሐፍ ብቻውን አይመልሰውም። እኛ በራችንን ከዘጋን፣ ነገ የልጅ ልጆቻችንን የሚያስተምረው ሰው የሌላ አገር ሰፈር ምሳሌ እያነበበ ያስተምራቸዋል። ልጆቹም የራሳቸውን እድር ሳያውቁት ያድጋሉ። የማያውቁትን ማን ይረከባል?

«ምስጢራችን ይወጣል» የሚሉት ወገኖቻችን ስጋትም ከንቱ አይደለም። ኀዘን ገመና ነው። ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ተማሪው ደብዳቤውን ለኮሚቴው ያቅርብ። መዝገቡን በጸሐፊው ፊት ይመልከት እንጂ ከጽሕፈት ቤት አያውጣ፣ ፎቶግራፍም አያንሳ።

2ኛ/ የሟችንም የቤተሰቡንም ስም አይጻፍ። ኀዘንተኛን ከአርባው ቀን በፊት አይጠይቅ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

3ኛ/ ጥናቱን ሲፈጽም አንድ ቅጂ ለእድሩ ያስረክብ፤ በጉባኤም ቀርቦ በአማርኛ ያስረዳን።

ይህ ሦስተኛው ለእኛም ለእርሱም ይጠቅማል። የተማረውን በእናቶችና በአባቶች ፊት ግልጽ አድርጎ ያስረዳ ልጅ ክፍል ውስጥ አይርበደበድም። ያልገባንን ደግሞ «ድገመው» እንለዋለን።

በመጨረሻም «ሥራ ካጣህ አስተምር» የሚለውን አነጋገር ከቤታችን እናውጣው። ይህን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ልጅ ሥራ አጥቶ አይደለም የሚያስተምረው። ጉባኤው በቀረበው ሐሳብ ላይ ተነጋግሮ እንዲወስን በአክብሮት እንጠይቃለን።