መስመር በሌለበት ቤት ለሚያጠኑ ልጆች የሰበካ ጉባኤ ድርሻ





በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአስፋልቱ ዳር እስከ እንጦጦ ተዳፋት፣ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረው የሚዘምሩ ልጆች አሉን። ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ ግን ዕድላቸው ይለያያል። አንዱ ዋይፋይ ባለበት ቤት ትምህርቱን ይከልሳል። ሌላው፣ እናቱ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ በምታስተዳድረው ቤት፣ የቤተሰቡን ብቸኛ ስልክ ተራ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ፓኬጁ አልቋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን በቴሌግራም ሲልኩ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአብዛኛው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተከታተሉ። ትምህርት ቤቶች ቢከፈቱም ችግሩ አልተዘጋም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስፋት ሥራ ላይ ሲውል፣ የታተሙ መጻሕፍት በበቂ መጠን ባለመድረሳቸው ተማሪዎች በሶፍት ኮፒ እንዲጠቀሙ ተደረገ። ስልክ የሌለው ልጅ እንግዲህ መጽሐፍም አልነበረውም ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ከሆኑ የዓለም ልጆች 1.3 ቢሊዮኑ በቤታቸው ኢንተርኔት አልነበራቸውም። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካም አብዛኞቹ ልጆች እንዲሁ ነበሩ።

አንዳንድ አባቶች «ኢንተርኔት ልጆችን ያበላሻል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ እውነት አለው። ነገር ግን በሌሊት ብቻውን ስልክ ከያዘ ልጅ ይልቅ፣ በአዳራሽ በታላላቆቹ ፊት የሚያጠና ልጅ የተጠበቀ ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ የገባው ግን ፊልጶስ ከጎኑ ከተቀመጠ በኋላ ነው። መስመር ብቻውን አያስተምርም፤ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የምእመናን ምዝገባ ሲካሄድ በየቤቱ ስንት ተማሪ እንዳለና በምን እንደሚያጠና ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የሰበካ ጉባኤው አዳራሽ ከትምህርት መልስ እስከ ሠርክ ጸሎት ለጥናት ይከፈት፤ የአንድ መስመር ወርኃዊ ክፍያም በዓመታዊ በጀት ይያዝ። ሦስተኛ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፤ ያን ጊዜ መስመር ቢቋረጥም ንባብ አይቋረጥም። አራተኛ፣ ከፍተኛ ትምህርት የደረሱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተራ ያስጠኑ።

ቤተ ክርስቲያናችን ፊደል ስታስቆጥር የሀብታምና የድኻ ልጅ ሳትለይ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣለች። የቆሎ ተማሪውንም መንደሩ ቁራሹን እያካፈለ አስተምሮታል። ዛሬ የሚጠበቅብን ያንኑ ጥላ ማስፋት ነው።