የየቲሟ አማና በአሥራ አምስት ዓመቷ አያበቃም

(በመካነ ሰላም ለየቲም ቤተሰቦችና ለረጂዎች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ግን አፍረን የምናልፈው ነው፦ አባቷን ያጣች ልጅ አካሏ ሳይጠና መዳሯና በልጅነቷ እናት መሆኗ።

ቦረናን፣ ወግዲንና ሳይንትን የምናውቅ ሁሉ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እናውቃለን። አባት ይሞታል፤ ልጂቱ አጎቷ ቤት ትገባለች። አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ሽማግሌ ይመጣል። አጎቷ ይሰጣታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ «ስሟ ሳይጠፋ የሚያበላት ታግኝ» ብሎ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ ጁዝእ ዐምማን በቃሏ የያዘች የቲም ነበረች። እንዲሁ ተዳረች። በዓመቱ ከቆላ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እርሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። በኒካሑ ላይ ተገኝተን ዱዓ ያደረግነው እኛው ነበርን። ዕድሜዋን አልጠየቅንም።

ሐኪሞች ምክንያቱን ይነግሩናል። የልጅ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ ምጡ ይረዝማል፤ ሕፃኑ ይታፈናል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር የሚያሳጣው ፊስቱላ ያገኛታል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ሕመም ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል።

አንዳንዶች «ልጅ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች የቲምነቷ አብቅቷል» ይላሉ። ስያሜው በእርግጥ ያበቃል። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 6 የየቲሞች ገንዘብ እንዲመለስላቸው ሲያዝ መድረሳቸውን ብቻ አልጠየቀም፤ ሩሽድ፣ ማለትም ብስለት፣ እንዲታይባቸውም ጠይቋል። ገንዘቧን ለመረከብ ብስለት ካስፈለጋት፣ ሕይወቷን ለሚነካው ትዳር እንዴት አያስፈልጋትም? የዚሁ ሱራ አንቀጽ 3 አሳዳጊዎች የቲሞችን ተገቢውን መህር ሳይሰጡ ለማግባት በመፈለጋቸው እንደወረደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስረድተዋል። የቲሟ በራሷ ጉዳይ ፈቃዷ እንድትጠየቅም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ለመናገር የምትፈራ፣ እምቢ ብትል መጠጊያ የሌላት ልጅ ግን ፈቀደች አይባልም።

የአገሩም ሕግ ግልጽ ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን፣ ልጃገረዶቻችንን ከሽማግሌ የሚጠብቃቸው ትልቁ አጥር ፈርሷል።

ስለዚህ ረጂዎች ሆይ፣ ለየቲሟ የምትሰጡትን አሥራ አምስት ሲሞላት አታቋርጡ። አጎት የሚጨነቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሽማግሌ የሚላከውም ያን ጊዜ ነው። ቢያንስ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ቢቻል ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ቀጥሉ። ቤተሰቦች ሆይ፣ ከከበዳችሁ ከመዳራችሁ በፊት ንገሩን። ኒካሕ የምናስር ሰዎችም ከመህሩ በፊት ዕድሜዋን እንጠይቅ።

በልጅነቷ የወለደችውንም አንግፋት። ጤና ጣቢያ እናድርሳት፤ ሕፃኗን እንያዝላት፤ ወደ ትምህርቷ እንመልሳት። ሁለቱም አማናዎቻችን ናቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ቅርብ እንደሚሆን አስተምረዋል። አላህ ከነዚያ ያድርገን፤ ያጠፋነውንም ይማረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።