የትኛው ፕሌይስቴሽን ይበልጣል?

አንደኛ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ በቶጎጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ ከሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የዛሬ ክርክራችን የጌም ማሽን ነው። ዋላል፣ ከየትውልዱ አንድ አንድ ምረጪ ብልሽ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዓመቱን በፈረንጆች ልቁጠርና፣ መጀመሪያ የ1994ቱ ፕሌይስቴሽን። ኔንቲዶ 64 በካርትሪጅ ሲጸና ሶኒ ሲዲ መረጠ። ሲዲ ርካሽ ነው፤ ብዙም ይይዛል።

አንደኛ፦ እሱን ተቀብያለሁ። ቀጥሎ በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ነው፤ ክርክር የለውም!

ሁለተኛ፦ ምን ክርክር አለው? ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዲቪዲ ፊልምም ያጫውታል፤ አንድ ዕቃ ገዝተህ ሁለት ታገኛለህ።

አንደኛ፦ በሦስተኛው ግን እንለያያለን። እኔ የ2005ቱን ኤክስቦክስ 360 እመርጣለሁ፤ ከፕሌይስቴሽን 3 በአንድ ዓመት ቀድሞ፣ በርካሽ ዋጋ ወጥቷል።

ሁለተኛ፦ ብዙዎቹ ቀይ መብራት እያበሩ መሞታቸውንስ? ማይክሮሶፍት ራሱ በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት ያራዘመው ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ እሺ፣ ተረታሁ። የዛሬዎቹስ?

ሁለተኛ፦ ለጌም ቤት የ2013ቱ ፕሌይስቴሽን 4 ይበቃል። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የኳስ ጨዋታ፣ ተሸናፊ ይከፍላል! ፕሌይስቴሽን 5 ሲገዛ ግን የዲስክ ማስገቢያ ያለው ይሁን፤ የሌለው ጨዋታውን ሁሉ በኢንተርኔት ያስወርዳል።

አንደኛ፦ አድማጮች፣ ያገለገለ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት።