የአባት ብስክሌትና የልጅ እጅ



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት፥ በየቤታችን ጓዳ አቧራ ለብሶ ስለ ቆመው አሮጌ ብስክሌት ነው። ብዙዎቻችን፥ ቦታ አጣበበ እያልን ለቍራሌው በርካሽ እንሸጠዋለን። ነገር ግን ከመሸጣችን አስቀድመን ከልጆቻችን ጋራ ተቀምጠን አንድ ጊዜ ብንፈታው፥ የምናገኘው ጥቅም ከዋጋው ይበልጣል።

በቤልፋስት ከተማ የሚኖር ዳንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፥ ባለሦስት እግር ብስክሌት ለሚነዳው ልጁ እንዲመቸው ብሎ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓመት በነፋስ የተሞላ ጎማ ሠራለት። ከእርሱ በፊት ቶምሰን የሚባል ሰው በ1845 ይህንኑ ሐሳብ ቢያስመዘግብም፥ ተረስቶ ነበርና፥ ጎማው በዓለም የተስፋፋው አባት ለልጁ ባሰበ ጊዜ ነው።

በአገራችንም ብስክሌት የተከበረ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል፥ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌት ነጂዎቿ ከሯጮቿ ጋራ ተሰልፈዋል። ካቴና፥ ቸርኬ፥ ኩሽኔታ እያልን የምንጠራቸውም ስሞች ከጣሊያንኛ ወደ ቋንቋችን የገቡ ናቸው።

ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል። ካቴናውን በላምባ ማጠብ፥ ኩሽኔታውን ስንፈታ ኳሶቹን መቍጠርና በአዲስ ግራሶ መመለስ ያስፈልጋል። የግራው ፔዳል ጥርስ ተገልብጦ የተሠራ ስለ ኾነ፥ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ነው፤ ይህን ባለማወቅ በጕልበት ታግሎ ጥርሱን የጨረሰ ብዙ ነው። ኳሶቹን ለትንሹ ልጅ፥ መፍቻውን ለታላቂቱ ብንሰጥ፥ ሁሉም ድርሻ ይኖረዋል።

እኔም አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አባቴ ዘመኑን ሁሉ ወደ ሥራው የተመላለሰበትን ብስክሌት ከልጄ ጋራ ሳድስ፥ አዲስ ለማስመሰል ቸኵዬ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ከኮርቻው ሥር አባቴ በምስማር የጫረው ስሙም አብሮ ጠፋ። ልጄ፥ «አባባ፥ እዚህ ላይ የነበረው የአያቴ ጽሑፍ አይደለምን?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማደስ ማለት አዲስ ማስመሰል አለመኾኑን ተረዳሁ። ዝገት ብረትን ይበላልና ይወገድ፤ ፍሬንም ሕይወትን የሚጠብቅ ነውና ሳይመረመር አይቅር። የባለቤቱ እጅ ያሳረፈው ምልክት ግን ሳይነካ ይኑር። የተሰነጠቀው የቆዳ ኮርቻ እንዳይለወጥ የፈረደችው ልጄ ናት፤ ዛሬ እሑድ እሑድ የምትቀመጠው በዚያው ላይ ነው።

ወላጆች ሆይ፥ አያት በሕይወት ካለ፥ መፍቻውን ከማንሣታችሁ በፊት ከልጆቻችሁ ጋራ ሄዳችሁ የብስክሌቱን ታሪክ ጠይቁት። የተፋቀ ጽሑፍ አይመለስምና።