የይፋት በር ጠባቂዎች



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳውን ይበላል፣ ሙቀቱን ያማርራል፣ ያልፋል። ስማችን ሲነሳም ወይ ማሾና ሽንኩርቱ ነው፣ ወይ ማረሚያ ቤቱ። ይህ ቆላ የመንግሥት መቀመጫ ነበር ብትሉት ይስቅባችኋል። ግን እኛስ ራሳችን እናውቀዋለን ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ የመኽዙሚዎችን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፈው የይፋትን መንግሥት አጸኑ። ለምን እዚህ? ከዘይላ ወደብ የተነሳ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ስለነበረ ነው። ጨውና ጨርቅ ይገባል፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። ሰውም በባርነት ይወጣ ነበር፣ ይህን ደብቀን ታሪክ አናወራም። በሩን የያዘ ቀረጡን ያዘ ማለት ነው።

ስለዚህ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ከሰብረዲን ጋር የተዋጉት በሃይማኖት ብቻ ነው ሲሏችሁ ይህን መንገድ አስታውሱ። ሰብረዲን ተሸንፈው ታሰሩ። በቦታቸው የተሾመው ግን ከደጋ የመጣ ሰው አይደለም፤ የገዛ ወንድማቸው ጀማለዲን ናቸው። ከዚያ በኋላም ጦርነቱ አልቆመም። ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ሲወድቁ ልጆቻቸው ወደ የመን ተሻገሩ፤ ሲመለሱም መንግሥቱን ወደ ምሥራቅ ወሰዱት።

የወላስማ ስም ግን ከይፋት አልጠፋም። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የሸዋን በር ይጠብቁ የነበሩት ማን መሰሏችሁ? ወላስማ መሐመድ ናቸው፣ የዚያው የዑመር ዘር። ከ550 ዓመት በላይ አለፈው እኮ! ንጉሡ ክርስቲያን፣ የጠረፉ ሹም ሙስሊም። ለአልጋው ያሰጋሉ የተባሉት የንጉሡ ዘመዶች የታሰሩትም ጎንቾ ላይ፣ በወላስማ እጅ ነበር። (የእስር ቤቱ ነገር የዛሬ እንዳይመስላችሁ።) ሰው እንዲህ ያለውን አደራ ለማያምነው አይሰጥም።

ዛሬ ግን ግማሻችን የዓምደ ጽዮንን ብቻ እናወራለን፣ ግማሻችን የሰዕደዲንን ብቻ። ፌስቡክ ላይ በእነሱ ስም እንሰዳደባለን። ሁለቱም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ የተጣሉትም በዚሁ መንገድ ነው።

ምስክሩ ደግሞ መሬት ላይ አለ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አስባሪን፣ ኖራንና በሪ ይፋትን አጥንተዋል። የድንጋይ መስጊዶች፣ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው የወላስማ መቃብሮች አግኝተዋል። ከውጭ የመጣ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ያየውን፣ ከመካከላችን ስንቱ ሄዶ አይቶታል?

እንግዲህ በሚቀጥለው እረፍታችሁ ሂዱ። የአርጎባ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፣ ስልካችሁ ላይ ቅዱ። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱት እንጂ አታንቀሳቅሱት። ለአጥር ሊወስደው የመጣ ካለም ቁጭ አድርጋችሁ አነጋግሩት፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝምም ንገሩ።