ስለ ፋይል መክፈቻ መስኮትና ስለ ትናንሽ ረዳት ፕሮግራሞች



በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ሁሉ በቀን ደጋግሞ የሚያየው፣ ነገር ግን ልብ የማይለው አንድ ትንሽ መስኮት አለ። ይኸውም ፋይል ሲከፈት ወይም ሲቀመጥ «የቱን? የት?» እያለ የሚጠይቀው ነው። የዚህ መስኮት ጉድለትና ጉድለቱን ለመሙላት የተደረገው ጥረት በማኪንቶሽ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽ ለገበያ ሲቀርብ ሜሞሪው 128 ኪሎባይት፣ ዲስኩ የሚይዘውም 400 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ፎልደሮቹ ለዓይን ይታዩ እንጂ በዲስኩ ላይ በእውነት አልነበሩም፤ መስኮቱም ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይደረድራቸው ነበር። ለጥቂት ፋይሎች ይህ በቂ ነው። በ1985 ግን 20 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ፣ ከእርሱም ጋር ፎልደርን በፎልደር ውስጥ የሚያኖር አዲስ ሥርዓት መጣ። ቤቱ ሲሰፋ በሩ ጠባብ እንደ ሆነ ቀረ። ሠራተኛው አራት አምስት ፎልደር ወርዶ ያገኘውን ቦታ ሌላ ፕሮግራም ሲከፍት እንደገና ይፈልገዋል። በችኮላ ያስቀመጠው ሰነድም ካልታሰበ ፎልደር ገብቶ ይቀራል። የጠፋ ፋይል ቢያንስ መጥፋቱ ይታወቃል፤ የከፋው ግን አንድ መሐንዲስ የታረመውን ሥዕል አጥቶ፣ አሮጌውን ቅጂ ትክክለኛው መስሎት ስሌቱን ሲቀጥል ነው።

ለዚህ መፍትሔ ያመጡት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሳይሆኑ ግለሰቦች ነበሩ። የሂሮአኪ ያማሞቶ «ቡመራንግ» በቅርብ የተከፈቱትን ፋይሎችና ፎልደሮች እያስታወሰ ተጠቃሚውን ወደ ነበረበት ይመልሰው ነበር። «ዲፎልት ፎልደር» የተባለውም በዚሁ መንገድ ተከተለ።

አሠራራቸው ብልኀትም ድፍረትም ነበረበት። በዚያን ጊዜ ፕሮግራሞች የማሽኑን አገልግሎት የሚጠሩት በሜሞሪ ውስጥ በተቀመጠ የአድራሻ ሠንጠረዥ አማካይነት ነበር። ረዳቱ ፕሮግራም ማሽኑ ሲነሣ ከሠንጠረዡ አንዱን አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካል፤ ጥሪው ሲመጣ አስቀድሞ ይቀበልና የራሱን ሥራ ጨምሮ ለዋናው ያስተላልፋል። ሆኖም ሜሞሪው አጥር ስላልነበረው የአንዱ ስሕተት ማሽኑን በሙሉ ያቆመው ነበር። ሁለት ረዳቶች አንዱን አድራሻ ሲሻሙ ደግሞ ባለቤቱ ጥፋተኛውን ለመለየት አንድ በአንድ እያወጣ ማሽኑን ደጋግሞ ማስነሣት ነበረበት። ያም ሆኖ ብዙዎች አልተዉአቸውም፤ ይህም ዋናው መስኮት ምን ያህል ያስቸግር እንደ ነበር ያሳያል።

አምራቹ በ1998 በማክ ኦኤስ 8.5 የቅርብ ጊዜ ቦታዎችን የሚያሳይ አዲስ መስኮት አቀረበ፤ ዘግይቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ2001 የወጣው ማክ ኦኤስ ቴን የፕሮግራሞችን ሜሞሪ ለያይቶ የቀድሞውን ዘዴ ዘጋ። በ2015 ደግሞ ወደ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ መግባት ይበልጥ ተከለከለ። በመሆኑም ዲፎልት ፎልደር ዛሬ የሚሠራው ከውጭ ሆኖ፣ በመጀመሪያ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው መግቢያ በኩል መስኮቱን እየተመለከተ ነው። ለዚህም ባለቤቱ በግልጽ መፍቀድ አለበት፤ ያ ፈቃድ ግን በፋይል መስኮቱ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የሌሎቹንም ፕሮግራሞች መስኮት ለማየትና ለማዘዝ ያስችላል።